የሠርጉ ቀን በሙሽራዋ ከተማ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው። ሁለቱም ክርስቲያኖች ሆነው በባህልና በቋንቋ፣ አንዳንዶቹም በቤተ ክርስቲያን የሚለያዩ ጥንዶች ሠርጋቸውን በሙሽራዋ የትውልድ ከተማ ሲያደርጉ የሚገጥማቸውን ይመለከታሉ። የጠያቂዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ስንል የአገርና የከተማ ስሞችን አውጥተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

«እጮኛዬና እኔ የተዋወቅነው ለሁለታችንም ባዕድ በሆነ አገር፣ አብረን በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠርጋችን በእርሷ የትውልድ ከተማ እንዲሆን የተስማማሁት በደስታ ነበር፤ ቀኑ ሲቃረብ ግን ሁሉም ነገር በማላውቀው ቋንቋና በማላውቀው ሥርዓት እንደሚካሄድ ተረዳሁ። በገዛ ሠርጌ ላይ እንግዳ የምሆን ይመስለኛል። ይህን ብነግራት ደግሞ ቤተሰቧን የናቅሁ እንዳይመስላት እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»
ሙሽራው

ይንገሯት፤ ሳይዘገዩም ይንገሯት። የተሰማዎት ነገር ቤተሰቧን ከመናቅ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እጮኛዎ በዘመዶቿና በጎረቤቶቿ ሠርግ ላይ እየተገኘች ያደገች በመሆኗ፣ በዕለቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ሳታስበው ታውቀዋለች፤ መቼ እንደሚቆም፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚባል፣ የትኛው ንግግር ቀልድ፣ የትኛው ደግሞ ቁም ነገር እንደሆነ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ያውም በሰው ፊት ሊማሩት ነው። እርሷም እስካሁን ያልነገረችዎ ቸል ብላ ሳይሆን፣ ለራሷ ግልጽ የሆነው ነገር ለሌላው ሰው መብራራት እንደሚያስፈልገው ስላልታያት ሊሆን ይችላል።

በሙሽራዋ አገር የተደረገ ሠርግ ለሙሽራው ምን ያህል ጨለማ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየን የያዕቆብ ታሪክ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 29 እንደምናነበው ላባ የሰፈሩን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ ግብዣ አደረገ፤ በነጋ ጊዜ ግን ያዕቆብ አጠገቡ ያገኘው የተስማማባትን ራሔልን ሳይሆን ታላቅ እኅቷን ልያን ነበር። ለምን እንዲህ እንደተደረገበት ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ፣ ታላቂቱ ሳለች ታናሺቱን መስጠት በአገሩ ወግ አይደለም የሚል ነው። የላባ አታላይነት የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያስደንቀው ግን ያዕቆብ ስለዚህ ወግ የሰማው ሠርጉ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ሰባት ዓመት በዚያ ቤት ያገለገለ ሰው ያልተነገረውን ነገር፣ እርስዎ ለጥቂት ቀናት መጥተው በራስዎ ያውቁታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ፍርዱ የተዛባ ነው።

ስለዚህ እጮኛዎን የምንመክረው ዕለቱን ከማለዳ እስከ ማታ በተርታ እንድትተርክልዎ ነው፤ የሚቻል ከሆነ በጽሑፍ። በየትኛው ሰዓት ማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ እርስዎ የሚናገሩት ምን እንደሆነ፣ የሚቀበሉትና የሚሰጡት ነገር ካለ በየትኛው እጅ እንደሆነ፣ በአክብሮት እምቢ ሊሉት የሚችሉትና እምቢ ቢሉት ግን የሚያስቀይመው የትኛው እንደሆነ ይጠይቋት። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ባህል ውስጥ ያደገ ሰው የወጉን ዝርዝር በቀላሉ ይነግርዎታል፣ የትኛው ወግ የት ድረስ እንደሚላላ ለመናገር ግን አስቦበት ስለማያውቅ ጊዜ ይወስድበታል። ከዚያም በዋዜማው ከአጋቢው ካህን ወይም ፓስተር ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሙሉ ልምምድ አድርጉ። የአካባቢው ሰዎች ልምምድ የማያስፈልግ ሊመስላቸው ይችላል፤ ለእነርሱ አያስፈልግም፣ ለእርስዎ ግን ያስፈልጋል።

ቃል ኪዳኑን በሚመለከት ምንም ዓይነት ማመቻመች አይቀበሉ። የማይገባዎትን ቃል በድምፅ ብቻ ተከትለው አይድገሙ፤ ቃሉን በራስዎ ቋንቋ ይስጡ፣ እርሷም በራሷ ቋንቋ ትስጥ፣ ሁለታችሁም የሌላውን ቃል አስቀድማችሁ በጽሑፍ እወቁት። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው መድበል ቁጥር 1106፣ ጋብቻ በአስተርጓሚ አማካይነት ሊፈጸም እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አጋቢው ካህን የአስተርጓሚው ታማኝነት ካልተረጋገጠለት በቀር ሥርዓቱን እንዳይመራ ይከለክላል። ካቶሊክ ባይሆኑም ጥንቃቄው ለማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ይጠቅማል። አስተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያንን አነጋገር የሚያውቅ፣ የሚተረጉመውንም ጽሑፍ ቀደም ብሎ ያነበበ ሊሆን ይገባዋል። የሙሽራዋ ወንድም ወይም እኅት ለዚህ ሥራ ባይመረጥ ይሻላል፤ የሚያለቅስ ሰው አያስተረጉምም።

ስብከት በየዓረፍተ ነገሩ ሲተረጎም ጊዜው በእጥፍ እንደሚረዝም ሰባኪው አስቀድሞ ይወቅና ንግግሩን በግማሽ ያሳጥር። ጸሎቱንና ንባቡን ግን ሁሉንም መተርጎም አያስፈልግም፤ በሁለቱም ቋንቋዎች የታተመ አንድ ወረቀት በእያንዳንዱ እንግዳ እጅ ቢገባ ይበቃል። የጌታ ጸሎት ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ቋንቋው በአንድነት እንዲጸልይ ማድረግ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ምእመናን በሚሰበሰቡባቸው ጉባኤያት የተለመደ ነው፤ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ሰዓትም አያባክንም። መዝሙርም ከተመረጠ ዜማው በሁለቱም ወገን የሚታወቅ ይሁን። ከንባቦች መካከል ብዙዎች የሚመርጡት በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 1 ያለውን፣ «ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» የሚለውን ነው። ሩት ይህን የተናገረችው ለሙሽራ ሳይሆን ባሏ ከሞተ በኋላ ለአማቷ ለኑኃሚን እንደሆነ ማስታወስ አይከፋም። ስለዚህ ከሙሽሮቹ ይልቅ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የሚነበብ ቃል አድርጋችሁ፣ ከወላጆቻችሁ አንዳቸው እንዲያነቡት ብታደርጉ በቦታው ይውላል።

አንድ ነገር ግን አይጠይቁ፤ የዕለቱ ግማሽ የእኔ ወገን ይሁን አይበሉ። ከተማው የእርሷ ነው፣ ከእንግዶቹም አብዛኞቹ የእርሷ ናቸው፤ በስሌት የተከፈለ ሠርግ ደግሞ ለማንም ሠርግ አይመስልም። ከዚያ ይልቅ ከእርስዎ ጋር ለሚመጡት ጥቂት ሰዎች ሥራ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ፣ ከንባቦቹ አንዱ፣ ከጸሎቶቹ አንዱ የእነርሱ ይሁን። የክብር ወንበር ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ ቀኑ ይረዝምበታል፤ የተሰጠውን ንባብ በልቡ ሲያጠና የቆየ እንግዳ ግን የሠርጉ ባለቤት ነው።

«እኔ ካቶሊክ ስሆን እጮኛዬ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አባል ነው። ወላጆቹ ፓስተራቸው አብሯቸው መጥቶ ከእኛ ካህን ጋር ጎን ለጎን ቆመው እንዲያጋቡን፣ ይህ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ በእነርሱ ሥርዓት እንደገና ቃል እንድንገባ ይጠይቃሉ። የእኔ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። የሚቻለው የትኛው ነው?»
ሙሽራዋ

በቀረቡበት መልክ ሁለቱም አይቻሉም፤ የወላጆቹ ፍላጎት ግን በሌላ መንገድ ሊሟላ ይችላል። የቀኖናው ሕግ ቁጥር 1127 በአንድ ጋብቻ ላይ ቃል ኪዳን ለመስጠት ወይም ለማደስ ከሥርዓቱ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዳይደረግ ይከለክላል፤ የካቶሊክ ካህንና የሌላ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት በአንድ ላይ ቃል እንዲቀበሉም አይፈቅድም። ምክንያቱ ፓስተሩን ማቃለል አይደለም። ሰው ቃሉን አንድ ጊዜ ከሰጠ በኋላ በዚያው ቀን እንደገና ሲሰጥ፣ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ነበር ማለት ይሆንበታል።

የሚቻለው ምንድን ነው? የሀገረ ስብከታችሁ ጳጳስ ሲፈቅድ ካህኑ ፓስተሩን በሥርዓቱ ላይ እንዲገኝና እንዲሳተፍ ሊጋብዘው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቫቲካን የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት መመሪያ እንዲህ ያለው እንግዳ አገልጋይ ቅዱስ መጽሐፍ እንዲያነብ፣ አጭር ምክር እንዲሰጥና ሙሽሮቹን እንዲባርክ ይፈቅዳል። በተግባር ሲታይ ከወላጆቹ ጥያቄ ጋር ያለው ልዩነት ቃሉን የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ፣ በቂ ምክንያት ካለ ጳጳሱ ከካቶሊካዊው የጋብቻ አፈጻጸም ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ሰጥቶ ጋብቻው በእጮኛዎ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብቻ እንዲፈጸም ማድረግ ነው። የእርስዎን ወይም የእርሱን ቤተሰብ ከሚያስኮርፍ ክርክር በፊት እነዚህን ሁለት መንገዶች ለካህኑ በግልጽ ቢያቀርቡለት መልካም ነው።

ከቀኑ አስቀድሞ የሚመጣ ሌላ ጉዳይም አለ። ካቶሊክ የሆነ ሰው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ክርስቲያን ጋር ለመጋባት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለፈቃዱም ካቶሊኩ ወገን እምነቱን ለመጠበቅ፣ ልጆቹንም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለማስጠመቅና ለማሳደግ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል፣ ሌላኛው ወገንም ይህን ቃል እንዲያውቅ ይደረጋል። እጮኛዎ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በከተማዎ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ፣ የሚፈጠረው ቅሬታ ከሠርጉ ፕሮግራም ጋር የማይገናኝ ቢሆንም በሠርጉ ፕሮግራም ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ስለ ፓስተሩ መቀመጫ የሚደረገው ጠብ ሥሩ ሌላ ቦታ ነው።

እርስዎ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ቢሆኑ ኖሮ መልሳችን ይለይ ነበር፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው አንባቢያን ስላሉ በአጭሩ እንጨምር። እንደ ግሪክና ሩሲያ ባሉ የባይዛንታይን ሥርዓት በሚከተሉ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ፣ ኦርቶዶክስን ኦርቶዶክስ ካልሆነ ክርስቲያን ጋር ማጋባት በጥብቁ ቀኖና የተከለከለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀርጤስ የተሰበሰበው ጉባኤ በልዩ አስተያየት የሚፈቀድበትን ሁኔታ የየቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ሲኖዶስ እንዲመለከተው ተወ። እንደ ተዋሕዶና ቅብጥ ባሉ ምሥራቃውያን (ኦሪየንታል) አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ግን ተክሊል የሚደረገው በመሠረቱ ሁለቱ በእምነት አንድ ሲሆኑ ነው፤ በመሆኑም ጥያቄው የሠርጉ ቀን ጥያቄ አይደለም፣ መፈታት ያለበትም ከመተጫጨት በፊት ነው። የቀን ምርጫም ራሱን የቻለ ችግር አለው። በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደረግም፤ የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካ ደግሞ በብዙ ዓመታት በተለያየ እሑድ ስለሚውል፣ የሙሽራው ቤተሰብ በራሱ የቀን መቁጠሪያ ጾሙ አልፏል ብሎ የአውሮፕላን ትኬት ከቈረጠ በኋላ በሙሽራዋ ከተማ ጾሙ ገና ያላበቃ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ እንግዶች ምን እንደሚያዩ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ለካቶሊክ ጋብቻን የሚያቆመው የሁለቱ ስምምነት ነው፤ ስለዚህ በሥርዓቱ መካከል ጎልቶ የሚሰማው ቃል ኪዳኑ ነው። በግሪክ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ውስጥ ግን ሙሽሮቹ አንድም የቃል ኪዳን ቃል በአንደበታቸው አይናገሩም፤ ቀለበት ይደረግላቸዋል፣ አክሊል ይደፋላቸዋል፣ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ፣ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። ይህን የማያውቅ እንግዳ «እሺ» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ ቆይቶ ሥርዓቱ አልቆበት ይወጣል። የአጥቢያውን ወግ በሚመለከት ደግሞ ቤተሰቦችዎ ልባቸው ይረፍ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የአምልኮ ድንጋጌ በየአገሩ ያለው መልካም የጋብቻ ልማድ እንዲጠበቅ በጥብቅ ያሳስባል። የሙሽራው ወገንም ልማዱን እንደ ትርኢት ሳይሆን እንደ ቡራኬ እንዲቀበለው አንድ ሰው ቀድሞ ትርጉሙን ያስረዳው።

«በእጮኛዬ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የምንፈጽመው ጋብቻ በእኔ አገር በሕግ ይጸናል?»
ሙሽራው

በብዙ አገሮች የሚሠራበት መርሕ፣ በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና ጋብቻ በሌላውም አገር ይጸናል የሚል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሙሽራዋ አገር ሕግ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንን ጋብቻ ራሱን እንደ ሕጋዊ ጋብቻ ይመዘግባል ወይስ በመንግሥት ሹም ፊት ለብቻው መፈጸም አለበት? በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በኔዘርላንድ የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ ከቤተ ክርስቲያኑ መቅደም ግድ ነው፤ በጀርመንም እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ እንዲሁ ነበር። በሌሎች አገሮች ካህኑ ወይም ፓስተሩ ራሱ በመንግሥት የተፈቀደለት አጋቢ ይሆናል። ጋብቻው በሙሽሮቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ፣ ሥልጣን ባለው አካልና በምስክሮች ፊት መፈጸም እንዳለበት ግን እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ይደነግጋል።

በተግባር የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ጋብቻ የሚከለክል ነገር እንደሌለብዎ ከአገርዎ የሚያመጡት ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ በጣም ቀደም ብሎ ማውጣቱም እንደ መዘግየት ይቆጠራል። ስምዎ በፓስፖርትዎ ላይ በተጻፈበት ፊደል በጋብቻ ምስክር ወረቀቱም ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ለቪዛ ሲያመለክቱ መጉላላት ይመጣል። ሁለቱም አገሮች የውጭ አገር ሰነዶችን ማረጋገጫ የሚመለከተውን እ.ኤ.አ. የ1961 የሄግ ስምምነት የተቀበሉ ከሆነ በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ማረጋገጫ ማስደረግ ይበቃል፤ ካልሆነ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በቆንስላ በኩል ማለፍ ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት አትጀምሩት።

«ነጭ ቬሎ ልልበስ ወይስ የአገሬን ልብስ? ቀለበቱስ በየትኛው እጅ ነው የሚደረገው?»
ሙሽራ

የፈለጉትን ይልበሱ። ነጭ ቬሎ የክርስትና ሥርዓት አይደለም፤ ፋሽን ሆኖ የተስፋፋው ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው። ቀለበትን በተመለከተ በግሪክና በሩሲያ ኦርቶዶክሶች ዘንድ በቀኝ እጅ፣ በብዙ የምዕራብ አገሮች ደግሞ በግራ ይደረጋል፤ በልምምዱ ቀን ተነጋገሩበት፣ በዕለቱ ሁለታችሁም የተለያየ እጅ እንዳትዘረጉ።

«የሙሽራዋ እናት ነኝ። የሙሽራው ወገኖች ጥቂት ስለሆኑና ድግሱ በእኛ ቤት ስለሆነ የምንችለውን ሁሉ እያዘጋጀን ነው። ልጄ ግን በየነገሩ ‹እነርሱ ይህን አይወዱም› ትለናለች፤ ለእነርሱም ‹ቤተሰቦቼ ይህን አይወዱም› ሳትላቸው አትቀርም። ቀኑ ሳይደርስ ልጄ ከሳች። እኛ ነን ያስቸገርናት?»
እናት

እናታችን፣ ያስቸገራት ቦታዋ ነው። ልጅዎ በአሁኑ ጊዜ ሙሽራ ብቻ አይደለችም፤ የሁለት ቤተሰቦች መልእክተኛና አስተርጓሚ ጭምር ናት፤ ለአንዱ የነገረችው ሁሉ ሌላውን የከዳች ያስመስላታል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 በተምና የተደረገውን የሶምሶንን ሠርግ ያስታውሱ። ግብዣው ሰባት ቀን ነበር፣ ቦታው የሙሽራዋ ከተማ ነው፣ ሠላሳ የአገሯ ሰዎች ሚዜ ሆነውለታል፤ ሙሽራው ደግሞ እንቆቅልሽ አቀረበላቸው። ሰዎቹ መፍቻውን ከራሱ ማግኘት ሲያቅታቸው ሙሽራይቱን ያዟት፤ ካልነገርሽን አንቺንም የአባትሽንም ቤት በእሳት እናቃጥላለን አሏት። በአንድ ወገን የአገሯ ልጆች፣ በሌላ ወገን ባሏ ሆነው ሴቲቱ የበዓሉን ቀናት ሁሉ በለቅሶ አሳለፈች፤ በመጨረሻም መፍቻውን ከሶምሶን አውጥታ ነገረቻቸው። ሶምሶን ሰዎቹን ወቀሰ፣ ተቆጥቶም ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ፣ እርሷም ለሚዜው ተዳረች። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሶምሶን ኃይልና ድካም ነው፤ በሁለት ወገን መካከል ስለ ተጨነቀችው ሙሽራ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው።

መድኃኒቱ ልጅዎን ከመካከል ማውጣት ነው። ከሙሽራው እናት ጋር በቀጥታ ተነጋገሩ። ቋንቋ ካላገናኛችሁ የልጅዎ ያልሆነ አስተርጓሚ፣ ለምሳሌ በዚያ አገር የኖረ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ይፈለግ። በዚያ ንግግር ላይ ስለ ድግሱ ዝርዝር ከመናገር በፊት፣ በእነርሱ ዘንድ ወላጆች በሠርግ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቋት። በአንዳንዱ አገር ወላጅ ንግግር ያደርጋል፣ በአንዳንዱ ልጁን ይመርቃል፣ በአንዳንዱ ከልጁ ጋር ይጨፍራል፣ በአንዳንዱ ደግሞ ወላጅ ዝም ብሎ መታየቱ ክብሩ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ከእርስዎ ፕሮግራም ውስጥ ለእርሷ የሚሆን ቦታ ማግኘት ከባድ አይሆንም፤ ሳያውቁ ያከበሩት እንግዳ ግን የተገፋ ሊመስለው ይችላል።

በዕለቱ ደግሞ ከሙሽራው ወገን አጠገብ ቋንቋቸውን የሚችል አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጥ፤ ሥራው ይኸው ብቻ ይሁን። ልጅዎ በዚያ ቀን ለማንም እንዳታስተረጉም ለሁሉም ይነገር። የሚቸግረውን ነገር ቀድሞ አይቶ ድምፁን ሳያሰማ የሚያስተካክል አንድ ብልህ ሰውም ያስፈልጋል። በቃና ዘገሊላ ሠርግ ወይን ጠጅ ማለቁን ያስተዋለችው የጌታ እናት ናት፤ ነገሩን ለልጇና ለአገልጋዮቹ ብቻ ተናገረች፣ የድግሱ አሳዳሪ ራሱ ወይኑ ከወዴት እንደመጣ አላወቀም። ከዘመዶችዎ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ማን እንደሆነ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ወጪው የእኛ ነው የሚለውን ግን በዚያ ቀን ማንም በአንደበቱ እንዳያነሳው ያድርጉ።

«ልጃችን በሚስቱ አገር ተጋብቶ ይመለሳል። በዕድሜና በሕመም ምክንያት ብዙዎቻችን መሄድ አንችልም። ሲመጡ እዚህ ሁለተኛ ሠርግ ብናደርግላቸው ነውር አለው?»
የሙሽራው አባት

ድግሱ ነውር የለውም፤ ለዚህም ከመጽሐፈ ጦቢት የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ይህ መጽሐፍ በኦርቶዶክስና በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠር ሲሆን፣ ፕሮቴስታንቶች ግን ከዚያ ውጭ ያደርጉታል፤ ታሪኩን ለማንበብ ይህ አያግድም። የጦቢት ልጅ ጦብያ ከነነዌ ወደ ሜዶን አገር ሄዶ የራጉኤልን ልጅ ሣራን በአባቷ ቤት አገባ፤ ራጉኤል የልጁን እጅ ይዞ ሰጠው፣ የጋብቻውንም ውል በጽሑፍ አደረገው፤ ቀጥሎም አሥራ አራት ቀን ግብዣ ሳያልቅ እንዳይሄድ በመሐላ አስቀረው። በዚህ መካከል በነነዌ ያሉት አባትና እናት ቀን ይቆጥሩ ነበር፤ እናቱ ሐና በየዕለቱ ወጥታ መንገዱን ትመለከት ነበር። ጦብያም አባቴ ቀኑን ይቆጥራል ብሎ መጨነቁን መጽሐፉ ይነግረናል። ሙሽሮቹ ሲመለሱ ታውሮ የነበረውና ዓይኑ የበራለት አባት ምራቱን በከተማው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት፣ ባረካት፣ ወላጆቿንም ባረከ፤ ዘመዶችም ተሰብስበው ሰባት ቀን በደስታ ተከበረ።

ያስተውሉ፤ በነነዌ ውሉ እንደገና አልተጻፈም፣ እጇም እንደገና አልተሰጠም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ቃል ኪዳኑን አታስደግሙ፤ ለካቶሊኮች የተከለከለ ነው፣ ለሌሎችም በሙሽራዋ ከተማ የተደረገው እውነተኛ እንዳልነበረ ያስመስላል፣ የምራትዎም ቤተሰብ ቢሰማ ያዝናል። በቤተ ክርስቲያናችሁ የምስጋና ጸሎት አስደርጉ፣ ሽማግሌዎች ይመርቁ፣ ከዚያም ብሉ ጠጡ። መጓዝ ያልቻሉት ዘመዶች የሠርጉን ቪዲዮ አብረው ቢያዩና ምራትዎ ራሷ በምስሉ የሚታዩትን ሰዎች በስም ብታስተዋውቃቸው፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ሳይገናኙ ይተዋወቃሉ። የሚቻል ከሆነ ከእርሷ ወገን አንድ ወይም ሁለት ሰው እንዲመጣ መንገዱን አመቻቹ፤ ሣራ ወደ ነነዌ በመጣች ጊዜ ከአባቷ ቤት ዘመድ አብሯት እንደመጣ አልተጻፈም። ምራትዎ ከረጅም መንገድና ከብዙ ቀናት ድግስ የምትመጣ ስለሆነች፣ እንግዳ ከመጥራታችሁ በፊት ጥቂት ቀናት ዕረፍት ስጧት።